የሐረር በሮች ስማቸው ሁሉ ይጻፍላቸው

ለሐረሪ ክልል የቅርስና የቱሪዝም ሥራ ኃላፊዎች

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

ሐረርን ያየኋት ለአንድ ቀን ተኩል ነው። ለሥራ ድሬዳዋ ወርጄ ቅዳሜና እሑድ ተረፈኝ፤ የደንገጎን ጠመዝማዛ ወጥቼ፣ ሐሮማያንና አወዳይን አልፌ ገባሁ። እንደ እኔ ሰዓት ቆጥሮ የሚመጣ እንግዳ ብዙ ነውና ጥያቄዬ ስለ እርሱ ነው።

አስጎብኚዬ ጠዋት «ሱቁጣጥ በሪ እንገናኝ» አለኝ። ባጃጅ ይዤ ስሙን ብነግረው ልጁ ግራ ተጋባ። ሁለት ቦታ ዞርን፤ በመጨረሻ ደውዬ ስልኩን ሰጠሁት። «ሰንጋ በር አትዪኝም ነበር እንዴ እህቴ!» አለኝ። ሐረሮች አንቱታ አያውቁም ሲባል እሰማ ነበር፤ ያ «አትዪኝም» ገና ከመምጣቴ የቤት ልጅ አደረገኝ። ግማሽ ሰዓት ግን ሄዷል፤ ለአንድ ቀን እንግዳ ደግሞ ግማሽ ሰዓት ብዙ ነው።

ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ የበሮቹን ስም ስጠይቅ ዋልኩ። አሚር ኑር በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ካሠሩት ግንብ ጋር የሚነሱት አምስት በሮች ናቸው፤ ስማቸው ግን ቢያንስ አሥር ነው። ሐረሪው አስማዲን በሪ የሚለው ለሌላው ሸዋ በር ነው። አሱም በሪ ፈላና በር፣ በድሮ በሪ ደግሞ ቡዳ በር ይባላል። አርጎብ በሪ ኤረር በር ነው፤ አንዱ ስም የአርጎባን ሕዝብ፣ ሌላው የኤረርን ሸለቆ ይጠራል። አንድ በር ላይ ቆሜ ማን ከየት ይመጣ እንደነበር ሁለቱ ስሞች ነገሩኝ። ይህን ያወቅሁት አስጎብኚዬ ታጋሽ ስለነበረ ነው፤ ዕድል ነው። የመጣሁት ጅብ ሲበላ ለማየትና በፈረንሳዊው ገጣሚ ስም በሚጠራው ራምቦ ቤት ፎቶ ለመነሳት ነበር፤ ሁለቱንም አድርጌያለሁ። ዛሬ ሰው ሲጠይቀኝ የማወራው ግን ስለ በሮቹ ነው።

በግንቡ የታጠረችው አሮጌዋ ከተማ፣ ጁገል፣ በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ስትመዘገብ 82 መስጊዶቿና ከ100 በላይ የሆኑት አዋቾቿ፣ ማለትም የቅዱሳን መታሰቢያ ሥፍራዎቿ፣ ከግንቡና ከሐረሪ ቤቶች ጋር ተቆጥረው ነው። ያን ሁሉ በአንድ ቀን ማንም አይጨርሰውም። መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ ላይ የልብስ ሰፊዎቹን ሲንጀር እየሰማሁ ብቻ አንድ ሰዓት አለፈኝ፤ አንድ ጌ ጋር፣ ማለትም የሐረሪ ባህላዊ ቤት፣ ውስጥ ነደባ በሚባለው ከፍ ያለ መቀመጫ ላይ ተቀምጬ፣ ግድግዳውን የሸፈኑትን ሰፌዶችና ሙዳዮች ሳይ ሌላ ሰዓት። በሮቹን ግን ግንቡን ተከትሎ በእግሩ የሚዞር ሰው ያዳርሳቸዋል። በመንገዱም ጅቦች በሌሊት የሚገቡባቸውን፣ ሐረሪዎች ወራባ ኑዱል የሚሏቸውን የግንብ ቀዳዳዎች ያገኛል። በምሽት ሥጋ ሲወረወርላቸው ያየ ሰው፣ ከተማዋ ለጅቦች መግቢያ እንደተወችላቸው ቀን ሲያይ ነገሩ ይገባዋል።

ስለዚህ የምለምናችሁ ይህን ነው። በየበሩ አንድ የድንጋይ ሰሌዳ ይቁም፤ ለዓይን የሚመች ይሁን እንጂ የግንቡን መልክ አይሸፍን። የበሩ ስሞች ሁሉ፣ የሐረሪው፣ የኦሮሞው፣ የአማርኛው፣ አንዱ ሌላውን ሳያስቀር ጎን ለጎን ይጻፉበት። ከሥር ስሙ ከምን እንደመጣ ሁለት መስመር ይበቃል። ኋላ የተከፈተው ሐረር በርም የራሱን ታሪክ ያግኝ። ጽሑፉ ከቢሮ ከመውጣቱ በፊት የጁገል ሽማግሌዎችና እናቶች ይስሙት፤ ሰፈራቸውን ከእነርሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም። ባጃጅ ነጂዎቹም ሁለቱንም ስም ይልመዱት።

የሐረሪዎች በዓል ሹዋሊድ በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ ከተመዘገበ ወዲህ በዓሉን ለማየት የሚጓጓው ሰው በዝቷል፤ እኔም ከእነርሱ አንዷ ነኝ። ለቀጣዩ እናቴን ይዣት ልመጣ አስቤያለሁ። እናቴ ስልክ ላይ ካርታ ማየት አትችልም፤ በር ላይ የተጻፈ ነገር ግን ሳታነብ አታልፍም።

አክባሪያችሁ፣
አንዲት ጎብኚ፣ ከአዲስ አበባ