ለትምህርት ሚኒስቴር፦ እንግሊዝኛ ክፍል ውስጥ ለሳይንስ ልብ ወለድ ቦታ ስጡልን

የመማሪያ መጽሐፍና የመምህር መምሪያ ለምታዘጋጁ ክቡራን፣

የ9ኛ ክፍል እንግሊዝኛ መምህርት ነኝ። የምጽፍላችሁ ስለ አንድ አጭር ታሪክ ነው።

ታሪኩን አሜሪካዊው የሳይንስ ልብ ወለድ ደራሲ አይዛክ አሲሞቭ በ1951 እ.ኤ.አ. ለልጆች ጻፈው። «ዘ ፈን ዜይ ሃድ» (የነበራቸው ደስታ) ይባላል። ዘመኑ 2157 ነው። የ11 ዓመቷ ማርጂ ቤቷ ውስጥ በማሽን ትማራለች። ጓደኛዋ ቶሚ ከቤታቸው ቆጥ ላይ የወረቀት መጽሐፍ ያገኛል። መጽሐፉ የሚያወራው ልጆች አንድ ላይ ተሰብስበው ሰው ያስተምራቸው ስለነበረበት ዘመን ነው። ማርጂ ግራ ይገባታል። ሰው እንዴት አስተማሪ ይሆናል?

መጀመሪያ ሳነበው ትዝ ያለኝ ፕላዝማ፣ ማለትም ክፍል ውስጥ በቴሌቪዥን ይሰጥ የነበረው ትምህርት ነው። ሁለተኛ ደረጃን የተማርኩት በዚያ ዘመን ነው። የስክሪኑ መምህር ይጠይቀናል፣ ትንሽ ይጠብቃል፣ መልሱን ራሱ ተናግሮ ያልፋል። እጃችንን ብናወጣም አያየንም።

ባለፈው ዓመት ታሪኩን በራሴ ወጪ ኮፒ አደረግኩት፤ ለ3 ተማሪ አንድ ቅጂ። አንብበን ስንጨርስ፣ አፉን ከፍቶ የማያውቅ የኋላ ወንበር ልጅ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ ማሽኑ ስንኮርጅ ያውቅብናል?» በእንግሊዝኛ ሞክረው አልኩት። ሞከረ። ሰዋስዉ ተሰባበረ፣ ግን ክፍሉ ሁሉ ገባው። አንዷ ተነስታ መለሰችለት፣ ሌላው ተቃወማት። ክፍለ ጊዜው እንዴት እንዳለቀ አላወቅንም።

ኮንዲሽናል ሴንቴንስን፣ «እንዲህ ቢሆን እንዲያ ይሆን ነበር» የሚለውን የዓረፍተ ነገር ዓይነት፣ ሰሌዳ ላይ ስንት ዓመት ጽፌያለሁ። ልጆቹ ፎርሙላውን ይሸመድዱታል፣ አፋቸው ላይ ግን የለም። የሳይንስ ልብ ወለድ ደግሞ የሚነሳው «እንዲህ ቢሆንስ?» ከሚል ጥያቄ ነው። እናንተም አንድ «ቢሆንስ» ጻፉ ብዬ የቤት ሥራ ሰጠኋቸው። ውሃ ወረፋ እየያዘች ጠዋት የምታረፍድ ተማሪ አለችኝ። ራሱ ሄዶ፣ ውሃ ቀድቶ ስለሚመለስ ጀሪካን ጻፈች። «ጀሪካናችን እግር ቢኖረው፣ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ አያመልጠኝም ነበር» ይላል አንዱ ዓረፍተ ነገር፣ ጥርት ባለ እንግሊዝኛ። ለካ የምታረፍደው በስንፍና አልነበረም። ይህን ያወቅኩት ከዚያ ወረቀት ነው።

አንድ ሱፐርቫይዘር ግን «ይሄ መጽሐፉ ላይ የለም፣ ፖርሽን ሸፍኚ» አለኝ። አልፈርድበትም፤ ፈተናው ከመጽሐፉ ነው የሚወጣው። ስለ ጤናና ስለ ትራፊክ አደጋ የሚያወሩ ምንባቦችም ይጠቅማሉ፣ ይውጡ አላልኩም። ነገር ግን ልጅ ገጹን ገልጦ «ከዚያስ?» የሚልበት ነገርም ያስፈልገዋል። ፊዚክሱም ባዮሎጂውም በእንግሊዝኛ የሚሆንበት ክፍል ላይ ነው ያለው። ቋንቋውን እየፈራ እንዴት ይዘልቀዋል?

ይከብዳቸዋል እንዳትሉ፣ ታሪኩ ጥቂት ገጽ ነው፤ ዓረፍተ ነገሮቹም አጫጭር ናቸው። ህንድ ውስጥ በብሔራዊው የ9ኛ ክፍል እንግሊዝኛ መጽሐፍ ለዓመታት የመጀመሪያው ትምህርት ይኸው ታሪክ ነበር።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። መጽሐፉ ሲከለስ አንድ አጭር የሳይንስ ልብ ወለድ ይግባ። እስከዚያው፣ መምህሩ በሴሚስተር ሁለት ክፍለ ጊዜ ራሱ ለመረጠው ታሪክ ማዋል እንደሚችል የመምህር መምሪያው ላይ በግልጽ ይጻፍልን። ያ አንድ መስመር ካለ፣ ኮፒውን እኛ እናደርገዋለን።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት የእንግሊዝኛ መምህርት