ጭስ ማውጫው ሳይጠረግ እሳት አታንድዱ

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ሰላም ናችሁ? ባለፈው እትማችሁ ላይ አንድ አንባቢ የማሞቂያ ቢል ስለተወደደ ዘንድሮ ፋየርፕሌሳችንን እያነደድን ወጪ እንቀንስ ብለው የጻፉትን አይቼ ዝም ማለት አቃተኝ። የድሮው ክፍት ፋየርፕሌስ እኮ ወጪ አይቀንስም። ፊቱ ቁጭ ያለ ሰው ይሞቀዋል፣ እሱ እውነት ነው፣ ግን እሳቱ አየር የሚስበው ከቤት ውስጥ ስለሆነ ሂተሩ በስንት ብር ያሞቀውን አየር በጭስ ማውጫው ይዞት ውልቅ ይላል፣ እናንተ ሳሎን እየሞቃችሁ ላይ ቤት ያሉት ልጆች ብርድ ልብስ ጨምሩልን ይላሉ። ለጨዋታና ለደስታ ከሆነ ይነደድ፣ እኔም አነዳለሁ፣ ሳይታይና ሳይጠረግ ግን አይሆንም።

እዚህ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ አሮጌ ቤት የገዛን ብዙ ነን። ቤቱ ሲገዛ ኢንስፔክተሩ በባትሪ ወደ ላይ አየት አድርጎ ነው የሚያልፈው። የአሜሪካ ብሔራዊ የእሳት መከላከያ ማኅበር ያወጣው ኤንኤፍፒኤ 211 የሚባለው የጭስ ማውጫ ስታንዳርድ ግን ቤት ሲሸጥ ሌቭል 2 ምርመራ ይደረግ ይላል፣ ካሜራ ገብቶ ውስጡ እስከ ላይ ይታያል ማለት ነው፣ ከዛ በኋላም በዓመት አንዴ መታየት አለበት። የፊተኛው ባለቤት ስንት ዓመት ሳያስጠርግ እንደኖረ በምን ታውቃላችሁ?

ጥቀርሻ ብቻ ቢሆን እኮ ባልከፋ። ጭሱ እየቀዘቀዘ ሲወጣ ግድግዳው ላይ ክሪዮሶት የሚባል ነገር እየለጠፈ ይሄዳል፣ መጀመሪያ ብናኝ ነው በብሩሽ ይራገፋል፣ ሲከርም ግን እንደ ሬንጅ ጠቁሮና አብረቅርቆ ይጋገራል፣ እሱ ራሱ ይነዳል። አንድ ቀን እሳቱ በርታ ሲል ይያያዝና ጭስ ማውጫው ውስጥ ሌላ እሳት ይነሳል፣ ግድግዳው ስንጥቅ ካለው ጣራው ውስጥ ያለው እንጨት ጋ ይደርሳል።

ክሪዮሶትን የሚያበዛው ደግሞ እርጥብ እንጨት ነው። ጎረቤት ዛፍ አስቆርጦ ነፃ ውሰዱ ሲል ተሸክመን እንመጣለን፣ ጥሩ ነው፣ ግን ፈልጣችሁ ዝናብ የማያገኘው ነፋስ የሚያገኘው ቦታ ደርድሩትና ለሚቀጥለው ዓመት ይቆይ፣ ኦክ ከሆነማ ሁለት ዓመትም ይፈልጋል። የደረቀ ፍልጥ ጫፉ ይሰነጠቃል፣ ሁለቱን ብታጋጩት ቃ ይላል፣ እርጥቡ ዱፍ ነው። ሃርድዌር መደብር የእርጥበት መለኪያ ይሸጣል፣ ከ20 ፐርሰንት በታች ካነበበ አንድዱት። ስትገዙም ፒክአፕ ሙሉ አራግፎ አንድ ኮርድ ነው የሚላችሁን አትመኑ፣ አንድ ኮርድ 4 በ4 በ8 ጫማ ተደርድሮ 128 ኪዩቢክ ጫማ ነው፣ ተራ ፒክአፕ አይችለውም።

በጋውን ጭስ ማውጫው ውስጥ የወፍ ጫጫታ ከሰማችሁ ቺምኒ ስዊፍት ትሆናለች። በፌደራል ሕግ የተጠበቀች ወፍ ስለሆነች ጫጩት እያለ ጎጆዋን መንካት ክልክል ነው፣ ብርዱ ሳይገባ ወደ ደቡብ አሜሪካ ትሄዳለች፣ ያኔ አስጠርጋችሁ ላዩ ላይ ወንፊት ያለው ካፕ አስገጥሙ።

ጠራጊ ስትጠሩ ግን ጠንቀቅ ነው። እኔ ቤት በርካሽ ኩፖን የመጣ ሰውዬ አስር ደቂቃ ሳይሞላው ሊፈርስ ነው ብሎ የብዙ ሺህ ዶላር ጥገና ጻፈልኝ፣ ፎቶውን አሳየኝ ስለው የለም። ሌላ ባለሙያ በካሜራ አሳይቶኝ ጠርጎ ሄደ፣ ምንም አልነበረውም። ሰርተፊኬት ጠይቁ፣ ፎቶ ጠይቁ።

ስታነዱ መጀመሪያ ዳምፐሩን፣ ጭስ ማውጫውን የሚዘጋውን የብረት ክዳን ማለቴ ነው፣ ክፈቱ፣ ቀዝቃዛ ጭስ ማውጫ ጭሱን ወደ ሳሎን ይመልሰዋልና ጋዜጣ ጠቅልላችሁ ለኩሱና ወደ ላይ አስጠግታችሁ አሙቁት (የናንተን ካነበብኩ በኋላ ነው ታዲያ አትቀየሙ)፣ ከዛ ጭራሮ ከዛ ፍልጥ። ፍሙ ጨርሶ ሳይጠፋ ዳምፐር አይዘጋም። አመዱንም ክዳን ባለው ብረት ባልዲ አውጥታችሁ ከቤቱ ራቅ አድርጋችሁ ውጪ አስቀምጡ እንጂ ፌስታል ውስጥ እንዳትከቱት፣ ረመጥ ውስጥ ለውስጥ ቀናት ይቆያል።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን ከሰላችን ነው። ፋየርፕሌስ ስላለ ጭሱን ይወስደዋል ብሎ እዛው ውስጥ ከሰል አያይዞ ጀበና የሚጥድ አለ፣ ማንደጃውን ሳሎን መሀል አድርጎ መስኮት ዘግቶ ቡና የሚያፈላም አለ። ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ በብዛት ያወጣል፣ ሽታ የለው ቀለም የለው፣ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ሲመጣ ሰዉ ጉንፋን ይዞኝ ነው ብሎ ይተኛል። ፌብሩዋሪ 2021 ቴክሳስ መብራት ሲጠፋ ሂውስተን ውስጥ ከኛው ማኅበረሰብ እናትና ልጅ ያጣነው በዚሁ ጋዝ ነው፣ እዛ ጋራዥ ውስጥ የተነሳ መኪና ነበር እንጂ መርዙ ያው ነው። ቡናው በኤሌክትሪክ ምድጃ ይፈላ፣ እጣኗም ብትሆን መስኮት ተከፍቶ። በየፎቁና ከመኝታ ቤት ውጪ የካርቦን ሞኖክሳይድ አላርም ይኑር፣ ከጮኸ ባትሪው ነው ብላችሁ አትንቀሉት፣ ልጆቹን ይዛችሁ ውጡና 911 ደውሉ።

ደብዳቤዬን የምታወጡት ከሆነ እባካችሁ ቶሎ አውጡት፣ ኖቬምበር ከገባ የጠራጊ ቀጠሮ አይገኝም።

አንባቢያችሁ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ