የብራይተኑን ጉብኝትና የተለጠፈውን ቪዲዮ የሚመለከት ቅሬታ

ለጉዞ ወኪሉ ሥራ አስኪያጅ
ደሴ

ጉዳዩ፦ ሳይነገረን ሰዎች ያለ ልብስ ወደሚዋኙበት ባህር ዳርቻ ስለመወሰዳችንና ያለ ፈቃዳችን ስለተለጠፈው ቪዲዮ

ጤና ይስጥልኝ።

ባለፈው ሐምሌ ከእናቴ ጋር እንግሊዝ አገር ሄደን ነበር። ወንድሜ ለንደን ስለሚኖር የቪዛውና የማረፊያው ጉዳይ በእሱ በኩል አለቀ። የጉብኝቱን ፕሮግራም ግን የገዛነው ከእናንተ ነው። የመረጥናችሁም አማርኛ የሚናገር አስጎብኚ ስላላችሁ ነው። እናቴ እንግሊዝኛ አታውቅም፣ ጉልበቷም ደከም ብሏል። ይህንን ክፍያውን ስፈጽም ለቢሯችሁ ሠራተኛ ነግሬያታለሁ። «አብሽሪ፣ እናትሽን እንደ እናታችን ነው የምንይዛት» አለችኝ።

በቅድሚያ ጥሩ የሠራችሁትን ልናገር፤ እሱን መካድ ነውር ነው። የዊንዘር ቤተ መንግሥትን የጎበኘንበት ቀን ከልብ የሚያስመሰግን ነበር። እናቴ የተንታ ልጅ ናት፣ መቅደላን እያየች ነው ያደገችው። የልዑል ዓለማየሁን ነገር ከአያቷ አፍ ነው የሰማችው። በፈረንጆቹ 1868 የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝ ልዑሉ ገና የሰባት ዓመት ልጅ ነበር። ይዘውት ሄዱ፤ በ18 ዓመቱ እዚያው በሰው አገር ሞተ፤ ዊንዘር ተቀበረ። እናቴ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ጸሎት የመታሰቢያ ሰሌዳውን ስታይ ቆማ አለቀሰች። አስጎብኚያችሁ አላቻኮላትም። የተጻፈውን አንብቦ ተረጎመላት። እኛም ሆንን አብረውን የነበሩት የኮምቦልቻ ቤተሰቦች መርቀነው ነው የተለያየነው።

በማግስቱ የተደረገው ግን በዚያ ምርቃት የሚታለፍ አይደለም።

የሰጣችሁን ፕሮግራም እጄ ላይ አለ። ብራይተን ስለምትባለው የባህር ዳር ከተማ የሚለው ይኸው ነው፦ «በጥንታዊው የኤሌክትሪክ ባቡር ሽርሽር፣ ከዚያም በባህሩ ዳር የእግር ጉዞ። ለቤተሰብ የሚመች።» ባቡሩ በእርግጥም ደስ ይላል። ቮልክ የሚባል ሰው በፈረንጆቹ 1883 የጀመረው ነው፤ በዓለም ላይ እስካሁን ከሚሠሩት የኤሌክትሪክ ባቡሮች ሁሉ አንጋፋው መሆኑን አስጎብኚው ነግሮናል። ከትልቁ የባህር ላይ ድልድይ አጠገብ ተሳፍረን ብላክ ሮክ በሚባለው ጫፍ ወረድን። «አሁን በእግራችን እንመለሳለን፣ እግራችሁን ባህር ነከር ታደርጋላችሁ» አለን። ሁሉም ደስ አለው። እናቴ በሕይወቷ ባህር ነክታ አታውቅም።

የብራይተን ዳርቻ አሸዋ የለውም። ድፍን ጠጠር ነው፤ እንቁላል የሚያካክል ክብ ክብ ድንጋይ፣ ሲረግጡት የሚንሸራተት። እናቴን ደግፌ ዓይኔን ከእግሯ ሥር ሳልነቅል ነው የሄድኩት። አስጎብኚው ከፊት ነበር። ጠጠሩ እንደ ጉብታ ከፍ ብሎ ስለተከመረ ከመንገዱ በኩል ሆኖ ወዲያ ማዶ ያለውን ማየት አይቻልም። በኋላ እንደተረዳሁት ክምሩ የተቀመጠው ለዚሁ ነው፤ መንገደኛው ዋናተኞቹን እንዳያይ፣ እነሱም በመንገደኛው እንዳይታዩ። ጉብታውን ወጥተን ቁልቁል ስናይ ሰዎች ልብሳቸውን አውልቀው ፀሐይ ይሞቃሉ። ወንድም ሴትም። አብዛኞቹ በዕድሜ የገፉ ናቸው።

እናቴ ነጠላዋን በፊቷ ላይ ሳበች። እጄን እንዴት እንደጨበጠችኝ አልረሳውም። መመለስ እንዳትመለስ ጠጠሩ ቁልቁል ይዟት ይሄዳል፤ ወደ ፊት እንዳትሄድ ዓይኗን ገልጣ መርገጫዋን ማየት አልቻለችም። አብረውን የነበሩት ሐጂያ ቶሎ ብለው በሌላው ጎኗ መጡና «አብሽሪ እህቴ፣ እኔን ያዢ» ብለው ደገፏት። ሁለት አሮጊቶች ፊታቸውን ሸፍነው በሰው አገር ጠጠር ላይ ሲንገዳገዱ ያየ ሰው ያሳዝነዋል። አስጎብኚያችሁ ግን ሳቀ። «ምን ችግር አለው? እዚህ አገር ነፃነት ነው» አለን። ስልኩንም አውጥቶ መቅረጽ ጀመረ።

ያዘነልን ከእነዚያ ልብስ ካወለቁት ሰዎች አንዱ ነው። ኮፍያ ያደረጉ፣ ጋዜጣ የሚያነቡ ሽማግሌ ነበሩ። እናቴን እንዳዩ ጋዜጣቸውን አስቀምጠው ፎጣቸውን ወገባቸው ላይ ጠቀለሉ። ከዚያ ብድግ ብለው ጠጠሩ ረባዳ የሆነበትን መውጫ በእጃቸው አሳዩኝ። ለአስጎብኚውም ስልኩን እንዲያስቀምጥ ነገሩት። ቁጣ አልነበረባቸውም፣ ግን ጠንከር ብለው ነው የተናገሩት። እሱ ስልኩን ወደ ኪሱ የከተተው ያኔ ነው። ስንወጣ በዳርቻው ወሰን ላይ የቆመውን ምልክት አየሁት። ከዚህ በኋላ ያለው ክፍል ያለ ልብስ ለሚዋኙ የተፈቀደ መሆኑን በግልጽ ይናገራል። እንግዲህ ከፊት የነበረው አስጎብኚ እዚህ ጋ ሲደርስ ዞር ብሎ አንድ ቃል ቢናገር ኖሮ ይህ ደብዳቤ ባልተጻፈ።

ቅሬታዬ በተሳሳተ መንገድ እንዲተረጎም አልፈልግም። የማማርረው በብራይተን ሕዝብ አይደለም፣ ልብስ አውልቀው በሚዋኙትም አይደለም። የከተማው ምክር ቤት ነገሩን በአደባባይ ተከራክሮበት፣ በፈረንጆቹ 1980 ቦታ ለይቶ፣ ወሰን አበጅቶ ፈቅዷል። ሰዎቹ ከሌላው ዳርቻ ራቅ ባለችው በዚያች ቦታ ላይ ናቸው። ማንንም አልነኩም። አገራቸው ነው፣ ሕጋቸው ነው። ከተመለስኩ በኋላ ስለ ጉዳዩ ብዙ አነበብኩ። ክሮኤሺያ ውስጥ ኮቨርሳዳ የሚባል ከፈረንጆቹ 1961 ጀምሮ ለዚሁ የተከፈተ መንደር አለ። ፈረንሳይ ውስጥ ካፕ ዳግድ አለ። ጀርመኖች በባልቲክ ባህር ዳር ያሉ የመዝናኛ ከተሞቻቸውን ዳርቻ ልብስ ለሚለብሱና ለማይለብሱ ከፍለው ይጠቀሙበታል። በእነዚህ ቦታዎች ሁሉ ሰው የሚያውቀው ደንብ አለ፤ ፎጣ አንጥፎ መቀመጥ፣ ሰው ላይ አለማፍጠጥ፣ ካሜራ አለማውጣት። ከሁሉ በላይ ማንም ሳያውቅ እንዳይገባ አስቀድመው ያሳውቃሉ። መሄድ የፈለገ ይሄዳል፣ ያልፈለገ በሌላ በኩል ያልፋል።

እኛም ብንሆን ልብስን በውኃ ዳር ማውለቅ ብርቃችን አይደለም። ፀበል ቦታ ሰው ልብሱን አውልቆ ነው የሚጠመቀው፤ ፍልውሃም እንደዚያው። ግን ወንዱ በወንድ በኩል፣ ሴቷ በሴት በኩል ነው። ሁሉም የሚገባበትን አውቆ ነው የሚገባው። እናቴን ያስደነገጣት ሳታውቅ መግባቷ ነው። «ቢነግሩኝ ኖሮ እናንተ ሂዱ ብዬ ባቡሩ ጋ ቁጭ እል ነበር» ነው ያለችኝ። ደጋግማ የምትለው ይህንኑ ነው።

እናንተ ደግሞ ይህን ሥራ የምታውቁት ሰዎች ናችሁ። እንግዶቻችሁን ሐይቅ እስጢፋኖስ ትወስዳላችሁ። ወደ ወንዶቹ ገዳም ሴት እንደማትገባ ገና ደሴ ሳላችሁ አይደል የምትነግሩት? መኪናው ደጃፉ እስኪደርስ ጠብቃችሁ ሴቶቹን አትመልሷቸውም። መስጊድ የሚጎበኝ እንግዳ ስታመጡ ጫማ እንደሚወልቅ፣ ሴቶች ፀጉር እንደሚሸፍኑ አስቀድማችሁ ትናገራላችሁ። ለፈረንጁ የኛን ደንብ እንዲህ አድርጋችሁ የምታስረዱ ሰዎች ለእናቴ የፈረንጁን ደንብ ማስረዳት ምን ከበዳችሁ? አስጎብኚ የሚከፈለው ለዚህ አይደለም ወይ?

አሁን ወደ ባሰው ልምጣ።

ከተመለስን በኋላ ቢሯችሁ ደውዬ ነበር። ያነጋገረኝ ሰው «ፈረንጅ አገር ሄዳችሁ ታዲያ ምን ጠበቃችሁ?» ብሎ ዘጋው። እሱን ችዬ ተውኩት። ብዙም ሳይቆይ የጎረቤት ልጅ ስልኳን ይዛ መጣች። አስጎብኚያችሁ ጠጠሩ ላይ የቀረጸው ቪዲዮ በቴሌግራምና በቲክቶክ ገጻችሁ ላይ ሙዚቃ ተደርጎበት ተለጥፏል። እናቴ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ስትስብ ይታያል። ሐጂያ ሲንገዳገዱ ይታያል። ከኋላቸው የእነዚያ ሰዎች ገላ ደብዘዝ እንኳ ሳይደረግ ይታያል። ከሥሩ ሰው እየሳቀ አስተያየት ይሰጥበታል።

ይህ በደሴ ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም፤ የዚሁ አገር ልጆች ናችሁ። እናቴ የተከበረች ሴት ናት። ልጆች ያሳደገች፣ ለቀስተኛ የምታጽናና፣ የማኅበር ሴት ናት። አሁን ቡና ሲጠሯት «ራሴን አሞኛል» ትላለች። ቤተ ክርስቲያንም ማልዳ ሄዳ ሰው ሳይበዛ ትመለሳለች። ሐጂያም ልጆቻቸው ቪዲዮውን እንዳያዩባቸው ተጨንቀው ደውለውልኛል። እነዚያ የእንግሊዝ ሰዎችም ቢሆኑ የሰው ልጆች ናቸው። ፎጣቸውን ለእናቴ ሲሉ የጠቀለሉት ሽማግሌ ምስላቸው እዚህ መሳቂያ መሆኑን ቢያውቁ ምን ይሰማቸዋል? እሳቸው ለኛ ያሳዩትን ክብር እናንተ ለእሳቸውም፣ ለኛም ነፈጋችሁን።

ሕጉንም ላስታውሳችሁ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የሰውን ፎቶግራፍ ወይም ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ማሳየትን ይከለክላል። እናቴን ፈቃድ የጠየቃት የለም፤ ብትጠየቅም እሺ አትልም ነበር። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ደግሞ ሸማች ስለሚገዛው አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። «በባህሩ ዳር የእግር ጉዞ፣ ለቤተሰብ የሚመች» ብሎ ሽጦ እዚያ መውሰድ በቂም ትክክለኛም መረጃ አይደለም።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ይህንን ነው። ቪዲዮው ይህ ደብዳቤ በደረሳችሁ ዕለት ከሁሉም ገጾቻችሁ ላይ ይውረድ፤ አስጎብኚውም ከስልኩ ላይ ያጥፋው። ይህ ለድርድር የሚቀርብ አይደለም። የብራይተኑ ቀን ሒሳብ ለእናቴና ለእኔ ይመለስልን። የሐጂያ ቤተሰብ የራሳቸውን ይጠይቃሉ፣ በእነሱ ስም መናገር አልችልም። ከገንዘቡ ይልቅ የምፈልገው ግን እናቴ ይቅርታ እንድትጠየቅ ነው። በስልክ አይሆንም፣ በጽሑፍም አይሆንም። እርስዎ ሥራ አስኪያጁና አስጎብኚው እቤት መጥታችሁ ፊት ለፊት ይቅርታ ጠይቋት። እናቴ ቂም የምትይዝ ሴት አይደለችም። ቡና አፍልታ ነው የምትቀበላችሁ።

ወደ ፊት ደግሞ ፕሮግራማችሁ ላይ የምትወስዱበትን ቦታ ደንብ በአማርኛ ጻፉ። ባህር ዳርቻ ከሆነ ምን ዓይነት ባህር ዳርቻ እንደሆነ ይጻፍ። ምናልባት በፈቃዱ መሄድ የሚፈልግ ደንበኛ ይኖር ይሆናል፤ እሱም አውቆ ይሂድ። አስጎብኚዎቻችሁም እዚያ ካሜራ እንደማይወጣ ይማሩ።

ለዚህ ደብዳቤ በጽሑፍ መልስ እስከ ጥቅምት መጨረሻ እጠብቃለሁ። ካልደረሰኝ ጉዳዩን ለከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት አቀርባለሁ፣ ስለ ምስሉም ጠበቃ አማክራለሁ። የክፍያ ደረሰኙን፣ የፕሮግራሙን ወረቀትና ከገጻችሁ ላይ ያነሳሁትን ስክሪንሾት ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። ስክሪንሾቱ ላይ የሰዎቹን ገላና የእናቶቹን ፊት ሸፍኛለሁ። አድራሻችን መዝገባችሁ ላይ አለ። እናቴ ከሰዓት በኋላ ሁልጊዜ ቤት ናት።

ከአክብሮት ጋር
ደንበኛችሁ
ከሆጤ፣ ደሴ