ሲገላበጡ የሚያዞር ሁሉ ግፊት አይደለም

ክቡር አዘጋጅ፣

በሰሜን ሸዋ «ራሴን ያዞረኛል» ያለ ሰው መጀመሪያ ግፊቱ ይለካል። ግፊቱ ደህና ከሆነ «ደም ማነስ ነው» ይባልና ክኒን ይዞ ይመለሳል። ጆሮን የሚያነሳ ብዙም የለም።

ሚዛናችንን የሚጠብቀው ውስጠኛው ጆሮ ነው። በእያንዳንዱ ጆሮ ፈሳሽ የያዙ ሦስት ቀለበት መሰል ቱቦዎች አሉ። ራስ ሲዞር ቱቦው አብሮ ይዞራል፤ ፈሳሹ ግን በጣሳ ውስጥ እንዳለ ውሃ ለአፍታ ወደ ኋላ ይቀራል። ያ መዘግየት ነርቭ ይቀሰቅሳል፤ ዓይንም በሴኮንድ አንድ መቶኛ ገደማ ውስጥ ወደ ተቃራኒው ይሳባል። ይህን ጋዜጣ በክንድ ርቀት ይዛችሁ ራሳችሁን በፍጥነት ግራና ቀኝ ወዝውዙ፤ ፊደሉ ይነበባል። አሁን ራሳችሁን አቁማችሁ ጋዜጣውን በዚያው ፍጥነት ወዝውዙት፤ ይደበዝዛል። ልዩነቱ የጆሮ ሥራ ነው።

ከቱቦዎቹ አጠገብ ዝንባሌን የሚለዩ ደቃቅ የካልሲየም ካርቦኔት ጠጠሮች አሉ። በዕድሜ ወይም ራስ ሲመታ ይረግፉና ወደ ቱቦ ይገባሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ኋለኛው። ያኔ ሰውየው ሲተኛ፣ አልጋ ላይ ሲገላበጥ ወይም ከቆጥ ዕቃ ለማውረድ ቀና ሲል ቤቱ ይሽከረከርበታል፤ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜም ይተወዋል። የግፊት መውረድ የሚያዞረው ከተቀመጡበት ሲነሱ ነው እንጂ ተኝቶ ሲገላበጡ አይደለም። ይህን አንድ ጥያቄ መጠየቅ ብቻ ብዙ ክኒን ያስቀራል።

ምርመራው አልጋ እንጂ መሣሪያ አይፈልግም። ታማሚው ተቀምጦ ራሱን ወደ ተጠረጠረው ጆሮ 45 ዲግሪ ያዞራል፤ ከዚያ ራሱ ከአልጋው ጠርዝ 20 ዲግሪ ያህል ዝቅ እንዲል ቶሎ ይጋደማል። ዓይኑን እንዳይጨፍን ይነገረው። ጠጠሩ እዚያ ካለ ጥቂት ሴኮንዶች ቆይቶ የዓይኑ ብሌን (ቆቡ ሳይሆን) መርገብገብ ይጀምራል። ሳይነሳ ሕክምናው ይቀጥላል፦ ማዞሩ እስኪቆም፣ ቢያንስ 30 ሴኮንድ፣ ይጠበቃል። ራሱ 90 ዲግሪ ወደ ሌላው ጎን ይዞራል፤ ይጠበቃል። ከዚያ በዚያው ወገን ትከሻው ላይ ተጋድሞ አፍንጫው ወለሉን እስኪያይ ይዞራል፤ እንደገና ይጠበቃል። በመጨረሻ አገጩን ዝቅ አድርጎ በጎኑ ይነሳል።

ይህን ዘዴ አሜሪካዊው ሐኪም ጆን ኤፕሊ በ1992 እ.ኤ.አ. ጽፎታል፤ ብዙ ጊዜ አንድ ሁለቴ ይበቃል። የማይሳካው በአመዛኙ ጆሮው ሲሳሳት፣ በየደረጃው ሲቸኮል ወይም ትራስ ሳይነሳ ሲቀር ነው። ጠርዙ የማይመች ከሆነ ጋቢ አጥፎ ከትከሻ ሥር ማድረግ ያው ነው። የማዞር ክኒን ማቅለሽለሹን ያስታግሳል እንጂ ጠጠሩን ከቦታው አያነቃንቅም። አንገቱ የተጎዳ ሰው ላይ ግን አይሞከር።

ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና ሲወርዱ ስልክ እያዩ የሚያስመልሳቸውም ከዚሁ ጆሮ ጋር ነው ጠባቸው፦ ዓይን «ቆመናል» ይላል፣ ጆሮ «እየዞርን ነው» ይላል። መንገዱን ማየት ይሻላል። እዚያው የሚሰማው የጆሮ መደፈን ግን ከታምቡሩ ጀርባ ያለ አየር ጉዳይ ነው፤ ምራቅ ሲውጡ ይከፈታል።

ማዞሩ አልተው ብሎ ምላስ ከተሳሰረ፣ ነገር ሁለት ሆኖ ከታየ፣ ፊት ከተጣመመ ወይም መቆም ካቃተ ስትሮክ ሊሆን ስለሚችል አልጋ ላይ ማገላበጡን ትቶ በቶሎ ሆስፒታል መድረስ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የጆሮ ሕክምና ባለሙያዎች፣ ደብረ ብርሃን