ባትሪውን ከመቀየራችሁ በፊት፦ ሰዓቱ የተሳሳተው በስንት ነው?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ሰላምታችንን እናስቀድማለን። እዚህ ድሬዳዋ የኮምፒውተር ሰዓት ተሳሳተ ሲባል በየጥገና ቤቱ የሚሰጠው መልስ አንድ ነው፦ «ባትሪው አልቋል፣ ይቀየር»። አንዳንዴ እውነት ነው። ብዙ ጊዜ ግን ባትሪው ተቀይሮም ስህተቱ ይመለሳል፤ ደንበኛው ሁለቴ ይከፍላል፣ ጠጋኙም ስሙ ይጎድፋል። ምክንያቱ በዛሬ ማሽን ውስጥ ያለው ሰዓት አንድ አለመሆኑ ነው። ባለ አራት ኮር፣ ማለትም ፕሮሰሰሩ ውስጥ ለየብቻ የሚሠሩ አራት ክፍሎች ባሉት ኮምፒውተር ውስጥ ጊዜ የሚቆጥሩ ክፍሎች ቢቆጠሩ ደርዘን ይሞላሉ። እነሱን አስታርቆ አንድ ሰዓት የሚያስነብበን የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት የሆነው ከርነል ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «ባትሪው ስንት ዓመቱ ነው?» ሳይሆን «በስንት ተሳሳተ?» መሆን አለበት እንላለን። የስህተቱ መጠን ጥፋተኛውን ይናገራል።

ልዩነቱ ልክ 3 ሰዓት ከሆነ ባትሪውን አትንኩት። ብዙ ጊዜ በአንድ ማሽን ላይ ዊንዶውስና ሊኑክስ አብረው ተጭነዋል ማለት ነው። ዊንዶውስ በማዘርቦርዱ ሰዓት ላይ የአገሩን ሰዓት ይጽፋል፤ ሊኑክስ ደግሞ የግሪንዊቹን። እኛ ከግሪንዊች 3 ሰዓት ስለምንቀድም ሊኑክስ ጽፎ ዊንዶውስ ሲያነብ 3 ሰዓት ወደኋላ፣ ዊንዶውስ ጽፎ ሊኑክስ ሲያነብ 3 ሰዓት ወደፊት ይታያል። ከሁለቱ አንዱን ከሌላው ጋር እንዲስማማ ማዘዝ ብቻ ነው መድኃኒቱ። ልዩነቱ 6 ሰዓት ከሆነ ደግሞ ሰው በእጁ በእኛ አቆጣጠር ሞልቶታል፦ ከቀኑ 8 ሰዓት ነው ብሎ 8 ጽፏል፣ ማሽኑ ግን የሚጠብቀው 14 ነበር። ዓመቱ በ7 ወይም በ8 ወደኋላ ቀርቶ ድረ ገጽ ሁሉ «የደኅንነት ሰርተፊኬቱ ገና አልጸናም» እያለ አልከፈት ካለ፣ የእኛው ዘመን ቁጥር ገብቶበታል። መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑ ወደ ፋብሪካው መነሻ ቀን የሚመለስ ከሆነ ግን ያን ጊዜ በእርግጥ ባትሪው ነው። ሲአር 2032 የምትባለው ክብ ባትሪ አዲስ ሳለች 3 ቮልት ትሰጣለች፤ በመልቲሜትር ተለክታ ከ2.5 ቮልት ከወረደች ትቀየር።

በቀን አንድ ሁለት ሰከንድ የሚዘገይስ? እዚህ ላይ የከተማችን ሙቀት አለበት። የማዘርቦርዱ ሰዓት የሚሠራው በሰከንድ 32,768 ጊዜ በምትርገበገብ ትንሽ ክሪስታል ነው፤ ቁጥሩ የተመረጠው 2 ለ15 ጊዜ በራሱ ሲባዛ የሚገኝ ስለሆነና ለዲጂታል ቆጣሪ ስለሚመች ነው። ይህች ክሪስታል ልኳን የምትይዘው 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲሆን፣ ከዚያ ቢሞቅም ቢቀዘቅዝም ትዘገያለች። መዘግየቱ የሚያድገው በልዩነቱ ካሬ ነው፤ በአንድ ዲግሪ ካሬ ከሚሊዮን 0.035 ያህል። በሣጥኑ ውስጥ 45 ዲግሪ ሲደርስ ልዩነቱ 20 ዲግሪ፣ ካሬው 400፣ መዘግየቱ ከሚሊዮን 14 ይሆናል፤ በቀን 1.2 ሰከንድ ማለት ነው። ያው ማሽን ሐረር ወጥቶ ነፋሻ ክፍል ውስጥ ቢቀመጥ ይህ ስህተት አብዛኛው ይጠፋል። ብልሽት አይደለም፣ ፊዚክስ ነው። ከኔትወርክ ሰዓት የሚቀበል ፕሮግራም ከተጫነ ያርመዋል፤ ኢንተርኔት በሌለበት ቢሮም አንዱን ማሽን የሰዓት አለቃ አድርጎ ሌሎቹን ከእሱ ማስቀበል ይቻላል።

እስካሁን ያልነው የውጩን ነው። በጣም የሚያሳስበን ግን የውስጡ፣ ማለትም ብዙ ፕሮሰሰር ባለበት ማሽን ውስጥ ከርነሉ ታይመሮችን (ጊዜ የሚቆጥሩትን ክፍሎች) የሚያስተዳድርበት መንገድ ነው። ተማሪዎች ኦፕሬቲንግ ሲስተም ሲማሩ «አንድ ታይመር አለ፣ በየጊዜው ኢንተራፕት (ፕሮሰሰሩን ከያዘው ሥራ የሚያቋርጥ ምልክት) ይልካል፣ ከርነሉም ይቆጥራል» ተብሎ ይታለፋል። ይህ የእ.ኤ.አ. 1980ዎቹ ማሽን ታሪክ ነው። የዚያን ጊዜው ታይመር በሰከንድ 1,193,182 የሚቆጥር፣ 16 ቢት የሆነ ቆጣሪ ነበር፤ ቢበዛ 55 ሚሊ ሰከንድ ያህል ቆጥሮ ይሞላል። ለአንድ ፕሮሰሰር ይበቃ ነበር። ለስምንት አይበቃም፤ ስምንቱም ለመንቃት በአንድ ደወል ከተሰለፉ ሥራው ሁሉ ወረፋ ይሆናል።

ስለዚህ ሥራው ለሁለት ተከፈለ። አንደኛው «አሁን ስንት ሰዓት ነው?» ለሚለው መልስ የሚሰጥ ቆጣሪ ነው፤ ሁለተኛው «ከዚህን ያህል ጊዜ በኋላ ቀስቅሰኝ» ሲሉት የሚቀሰቅስ ደወል። ደወሉ ለየኮሩ ለየብቻ ይሰጣል፤ በኢንቴልና በኤኤምዲ ማሽኖች ላይ ሎካል ኤፒክ በሚባለው ክፍል ውስጥ ይገኛል። ቆጣሪው ግን ለሁሉም አንድ መሆን አለበት፣ ወይም አንድ መምሰል አለበት። በ1895 ዓ.ም. ባቡር ለደረሰላት ድሬዳዋ ይህን ማስረዳት አይከብድም፦ የሐዲዱ መስመር ነጠላ ከሆነ የሁለት ጣቢያ ሰዓቶች ካልተስማሙ ባቡር ከባቡር ይጋጠማል። እያንዳንዱ ጣቢያ የራሱን ደወል ይደውል፤ ሰዓቱ ግን የጋራ ነው።

የኮሩን ደወል ማዘጋጀት ቀላል ይመስላል፣ አይደለም። የሎካል ኤፒክ ታይመር ፍጥነት ከማሽን ማሽን ስለሚለያይ ከርነሉ ሲነሳ መለካት አለበት። በሚታወቀው አሮጌ ታይመር ላይ 11,932 ሞልቶ 10 ሚሊ ሰከንድ ይጠብቃል፤ በዚያው ቅጽበት የኤፒኩን ቆጣሪ ከላይኛው ቁጥር ወደታች ያስጀምረዋል፤ 10ሩ ሚሊ ሰከንድ ሲያልቅ ስንት እንደወረደ ያያል። ኢንተራፕት ተዘግቶ ነው የሚለካው። ያም ሆኖ ባዮሱ፣ ማለትም ማሽኑን የሚያስነሳው የማዘርቦርዱ ፕሮግራም፣ ከከርነሉ ተደብቆ ፕሮሰሰሩን ለአፍታ ሊነጥቅ ስለሚችል አንድ ልኬት አይታመንም፤ ሦስት አራት ጊዜ ተለክቶ የማይስማማው ይጣላል። ይህን የዘለለ ከርነል በአንዳንድ ማስነሻ ልክ፣ በአንዳንዱ ፈጣን ወይም ዘገምተኛ ይሆናል፤ ተማሪውም ስህተቱን ለቀናት ሌላ ቦታ ሲፈልግ ይከርማል። ደግሞም አንድ ኮር የሌላውን ኮር ደወል መንካት አይችልም። የጎረቤቱን ደወል ማስተካከል የፈለገ ኮር ኢንተራፕት ልኮ ጎረቤቱን ራሱን ያስሠራዋል።

ቆጣሪውን በተመለከተ በብዛት የሚሠራበት ቲኤስሲ የሚባለው ነው። ከፔንቲየም ዘመን ጀምሮ፣ ማለትም ከእ.ኤ.አ. 1993 ወዲህ፣ በየፕሮሰሰሩ ውስጥ አለ። ንባቡ በጥቂት አሥር ናኖ ሰከንዶች ያልቃል። ችግሩ በቆዩ ማሽኖች ላይ ፕሮሰሰሩ ኃይል ለመቆጠብ ፍጥነቱን ሲቀንስ ቆጣሪውም አብሮ መዘግየቱ፣ ጥልቅ እንቅልፍ ሲገባም መቆሙ ነበር። የሁለት ፕሮሰሰሮች ቆጣሪ ከተለያየ ደግሞ አንድ ፕሮግራም ከአንዱ ኮር ወደሌላው ሲዛወር ጊዜ ወደኋላ የሄደ ይመስለዋል፤ የዳታቤዝ መዝገብ ላይ መልሱ ከጥያቄው ቀድሞ የተጻፈ ሆኖ ይታያል። ያገለገለ ሰርቨር የምትገዙ፣ በተለይም ባለ ሁለት ሶኬቱን (ሁለት ፕሮሰሰር የሚሰካበትን)፣ ሊኑክስ ጭናችሁ በፕሮሰሰሩ መረጃ ፋይል ውስጥ «ኮንስታንት ቲኤስሲ» እና «ኖንስቶፕ ቲኤስሲ» የሚሉት ሁለቱ ምልክቶች መኖራቸውን ከመክፈላችሁ በፊት እዩ። ከዚያም የከርነሉን የመልእክት መዝገብ ፈትሹ። ሊኑክስ በብዙ ማሽኖች ላይ ቲኤስሲውን በየግማሽ ሰከንዱ ከሌላ ቆጣሪ ጋር ያስተያያል፤ ካላመነው «ያልተረጋጋ» ብሎ ጽፎ ወደሌላው ይዛወራል። አዲሱ ምንጭ ብዙ ጊዜ ኤችፒኢቲ የሚባለው፣ ቆጣሪም ደወልም ያለው የማዘርቦርዱ ክፍል ነው፤ አንድ ንባቡ ወደ አንድ ማይክሮ ሰከንድ ይጠጋል። ሰዓት በሰከንድ መቶ ሺህ ጊዜ የሚጠይቅ ዳታቤዝ በዚህ ብቻ ይንቀረፈፋል፤ ሰውም ዲስኩ ተበላሸ ይላል። መልእክቱን ለማጥፋት ብሎ ቲኤስሲውን በግድ «የታመነ ነው» ማለት ግን ትልቅ ስህተት ነው። መጀመሪያ ባዮሱ ይታደስ።

ኤችፒኢቲ ራሱ አንድ ወጥመድ አለው፤ የራሳቸውን ከርነል የሚጽፉ ልጆቻችን እንዲያውቁት አጥብቀን እንፈልጋለን። ደወሉ የሚደውለው ዋናው ቆጣሪ ከተሞላው ቁጥር ጋር ሲተካከል ብቻ ነው። ቁጥሩን ሞልታችሁ እስክትጨርሱ ቆጣሪው ካለፈው፣ እኩል የሚሆነው ዞሮ ሲመጣ ነው። በ32 ቢት፣ በሰከንድ 14.318 ሚሊዮን በሚቆጥር ማሽን ላይ ይህ 300 ሰከንድ ይፈጃል። ማሽኑ ለ5 ደቂቃ ፈዝዞ ቆይቶ ምንም እንዳልሆነ ከተነሳ ይህን ጠርጥሩ። መፍትሔው ከሞላችሁ በኋላ ቆጣሪውን መልሶ ማንበብ፣ ካለፈም ራቅ ያለ ቁጥር ሞልቶ እንደገና መሞከር ነው።

እንቅልፍም ሌላ ጣጣ ያመጣል። በብዙ የቆዩ ፕሮሰሰሮች ላይ ኮሩ ጥልቅ እንቅልፍ ሲገባ የሎካል ኤፒኩ ታይመር አብሮ ይተኛል፤ ቀስቃሹ ራሱ ተኛ ማለት ነው። ስለዚህ ኮሩ ከመተኛቱ በፊት የመንቂያ ሰዓቱን በውጭ ላለ ታይመር አደራ ይሰጣል፤ ያ ታይመር ሲደውል አንድ የነቃ ኮር ቀጠሯቸው የደረሱትን በኢንተራፕት ይቀሰቅሳል። የጋራውን ሰዓት የማደስ ተራም እንዲሁ ነው፦ ተረኛው አንድ ኮር ነው፣ ሊተኛ ሲል ተራውን ለሌላ ያስረክባል። ርክክቡ ከተረሳ ማሽኑ ይሠራል፣ ሰዓቱ ግን ይቆማል።

ለሎክም፣ ማለትም ሁለት ኮሮች አንድን መረጃ በአንድ ጊዜ እንዳይነኩ ለሚከለክለው ቁልፍ፣ አንድ ቃል። አንድ ኮር ታይመር ሲሰርዝ ሥራው በሌላ ኮር ላይ እየተካሄደ ሊሆን ስለሚችል፣ «እስኪጨርስ ጠብቀህ ሰርዝ» የሚለው ጥሪ አለ። ጠሪው ያ ሥራ የሚፈልገውን ሎክ ይዞ ከጠበቀ ሁለቱ እስከ ዘላለም ይጠባበቃሉ። በአንድ ኮር ሲሞከር ይህ ስህተት ሳይታይ ሊያልፍ ይችላል፤ ሲሸጥ ይወጣል። ሎኩን ልቀቁ፣ ከዚያ ሰርዙ።

ለመምህራን የምንጠይቀው ውድ ቤተ ሙከራ አይደለም። ባለ ሁለት ኮር አሮጌ ላፕቶፕ ይበቃል፦ ተማሪው በሁለቱ ኮሮች ላይ ቆጣሪውን በተራ እያነበበ ሚሊዮን ጊዜ ያወዳድር፤ አንዴ እንኳ ወደኋላ የሄደ ካገኘ ቀሪውን ትምህርት ራሱ ይጠይቃል። ሰርቨር ለጥገና የሚያመጡ መሥሪያ ቤቶች ደግሞ ሦስት ነገር በወረቀት ይዘው ይምጡ፦ ስህተቱ በስንት እንደሆነ፣ ማሽኑ ጠፍቶ ሲነሳ ነው ወይስ እየሠራ ሳለ የተሳሳተው፣ ከርነሉም የትኛውን የሰዓት ምንጭ ይዞ እንደነበር።

ከአክብሮት ጋር፣
የሲስተም ባለሙያዎች
ከዚራ፣ ድሬዳዋ