መገንጠያው ላይ ስለተከማቸው ስብ ለአባባ

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ። ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ ከናፍቆትዎ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ባሕር ዳር አንገትዎ በአልትራሳውንድ የታየ ዕለት ሐኪሙን የጠየቁት ከጆሮዬ አልወጣም። «ደሜ አንድ ደም ነው፤ ስቡም በመላ ሰውነቴ ይዞራል። ታዲያ ስለምን እዚች የአንገቴ ቧንቧ መገንጠያ ላይ ብቻ ተከማቸ?» አሉት። ተራ የሚጠብቀው ሰው ብዙ ነበርና መልስ ሳያገኙ ወጣን። ትናንት በስልክ «ምንም አላመመኝ» ብለው የኮሌስትሮሉን ክኒን ማቆምዎን ሲነግሩኝ እንቅልፍ አጣሁ፤ ያን ጥያቄ ሳልመልስልዎ ማደር አልቻልኩም።

ግማሹን መልስ እርስዎው ያውቁታል። ለቆጋ መስኖ ቦይ ጠረጋ ሲወጡ ስከተልዎ፣ ቀጥ ብሎ የሚወርደው ቦይ ላይ ብዙም አንቆይም ነበር። አካፋው የሚበዛው ቦዩ ለሁለት ከሚከፈልበት ላይ ነው፤ ውሃው ዳር ዳሩን እየዞረ ይተኛል፣ ደለሉም እዚያው ይቀመጣል። ደም ወደ ላይ የሚወስደው የአንገት ቧንቧ፣ ደም ቅዳው፣ እንዲሁ ከመንጋጋ ዝቅ ብሎ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ወደ አንጎል፣ ሌላው ወደ ፊት ይሄዳል። ወደ አንጎል የሚሄደው መነሻው ላይ ሰፋ ይላል። መሃል ለመሃል ደሙ ሲፈጥን፣ በውጭው ግድግዳ በኩል ግን ይዘገያል፤ ልብ በመታ ቁጥር ወደፊትም ወደኋላም ይላል። ስቡ በብዛት የሚገኘው በዚያው በኩል ነው። ቀድሞ አንዳንድ ተመራማሪዎች ግድግዳውን የሚጎዳው ኃይለኛ ፍሰት ነው ይሉ ነበር። በ1969 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ለንደን ውስጥ ኮሊን ካሮ የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ ነገሩ ተቃራኒ መሆኑን፣ ስቡ የሚጀምረው የደሙ ፍትጊያ ከሚደክምበት ቦታ መሆኑን አሳዩ።

ከደለል የሚለየው ግን ይህ ነው፤ ስቡ ግድግዳው ላይ አይለጠፍም፣ ግድግዳው ውስጥ ይገባል። ቧንቧውን ከውስጥ የለበሱት ህዋሳት ሕይወት አላቸው፤ የደሙ ፍትጊያ ይሰማቸዋል። ደሙ ቀጥ ብሎ ሲፈስባቸው በፍሰቱ አቅጣጫ ረዘም ብለው ይሰለፋሉ፤ ቧንቧውን የሚያፍታታ፣ ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚባል ጋዝም ያመነጫሉ። ፍሰቱ ሲወላውልባቸው ግን ሰልፋቸው ይዛባል፣ መጋጠሚያቸውም ይላላል። ያኔ መጥፎው ኮሌስትሮል የሚባለው የደም ስብ ሾልኮ ይገባል። ሊያጸዱ የተከተሉት ነጭ የደም ህዋሳት ስቡን ውጠው ውጠው እዚያው ይቀራሉ። ሐኪሙ ያሳየን ጉብታ ከዚህ ክምር የተነሳ ነው። ዓመታት ፈጅቶ ሲያድግ አያምም፤ እኔን ያስፈራኝም ይህ አለማመሙ ነው። አንድ ቀን ቢሰነጠቅ ደም ይረጋበታል፤ የረጋው ወደ አንጎል ከሄደ ስትሮክ ነው።

መገንጠያውን መለወጥ አንችልም፤ የሁላችንም አንገት እንዲያው ነው። የሚገባውን ስብ ግን መቀነስ ይቻላል። ክኒኑ ጉበት መጥፎውን ኮሌስትሮል ከደም እንዲለቅም ያደርጋል። ሲራመዱም የደሙ ፍሰት ይበረታል፣ ህዋሳቱም ያ ይስማማቸዋል። የደም ግፊትዎንም ያስለኩ።

አባባ፣ ክኒኑን ከዛሬ ማታ ጀምረው ይውሰዱልኝ። ጡንቻዎን ካመመዎት ለሐኪሙ ይንገሩ እንጂ በራስዎ አያቁሙ። ካለቀብዎ ይደውሉልኝ፣ በመኪና እልካለሁ። ለጥምቀት ስመጣ እስከ ቦዩ ድረስ በእግር አብረን እንሄዳለን።

ናፋቂ ልጅዎ