ስዊንግ ከውርወራ አይጀመርም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ

ጥንዶች በጃዝ ሙዚቃ ስለሚጨፍሩት ስዊንግ ዳንስ ያወጣችሁት ጽሑፍ ተከታይዋን (በመሪው ምሪት የምትጨፍረውን) ወደ ላይ መወርወርን የዳንሱ ዋና ነገር አስመስሎታል። ጀማሪው ይህን አምኖ ከገባ ወገብና ትከሻ ይጎዳል። ስለ መነሻውም አንድም ቃል አለመባሉ ቅር ያሰኛል።

ከስዊንግ ዳንሶች አንጋፋው ሊንዲ ሆፕ ነው። በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ በኒውዮርክ ሃርለም የፈጠሩት ጥቁር አሜሪካውያን ናቸው፤ ቻርልስተንና ብሬክአዌይ የተባሉትን ዳንሶች አዋህደው። ያደገውም በ1926 በተከፈተው የሳቮይ አዳራሽ ነው፤ በዚያ የዘር መለያየት ዘመን ጥቁሩም ነጩም አንድ ወለል ላይ የሚጨፍርበት ቤት ነበር። የሳቮዩ ዳንሰኛ ፍራንኪ ማኒንግ ከፍሬዳ ዋሺንግተን ጋር የመጀመሪያውን ውርወራ በውድድር ላይ ያሳየው በ1935 ነው። ዳንሱ እስከዚያ ድረስ ያለ ውርወራ ሙሉ ዳንስ ነበር።

የሊንዲ ሆፕ እምብርት ስዊንግ አውት የተባለው እንቅስቃሴ ነው፤ 8 ምት አለው። መሪው በግራ፣ ተከታይዋ በቀኝ እግር ይጀምራሉ (መሪ የግድ ወንድ መሆን የለበትም)። በምት 1 እና 2 ላይ ወደ ኋላ ረገጥ አድርጎ መመለስ ነው። በ3 እና 4 ሦስት ፈጣን እርምጃ ይረገጣል፤ መሪው ከተከታይዋ መንገድ ወደ ጎን ወጥቶ፣ ቀኝ እጁን ጀርባዋ ላይ ያሳርፋል። 4 ላይ ፊት ለፊት ናቸው። 5 ላይ ቀኝ እጁን ይለቃል፣ እሷም በ6 ወደ መጣችበት አቅጣጫ ትወጣለች፤ በ7 እና 8 ሁለቱም ሦስት ፈጣን እርምጃ ረግጠው ይረጋጋሉ።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው 4 ላይ ነው። መሪው ከመንገዷ ካልወጣ ተከታይዋ ትጋጨዋለች ወይም ትቆማለች፤ እሱም የጠፋውን ጉልበት በክንዱ ሊተካ ይገፋታል። መፍትሔው ክንድ ማጠንከር ሳይሆን ቀድሞ ከመንገዷ ዞር ማለት ነው። የመጀመሪያው የኋላ እርምጃም ከአንድ ጫማ ርዝመት መብለጥ የለበትም። ሰፍቶ ተረከዝ ከወረደ ክብደት ወደ ኋላ ይሄድና 3 ላይ መድረስ አይቻልም። በሦስቱ ፈጣን እርምጃዎች ደግሞ መካከለኛዋ ዘግየት ብላ ወደሚቀጥለው ምት መጠጋት አለባት፤ ሦስቱም እኩል ከተረገጡ ዳንሱ የሰልፍ ጉዞ ይመስላል።

ለጀማሪ በደቂቃ ከ120 እስከ 140 ምት ያለው ሙዚቃ በቂ ነው። ከ200 በላይ ያለውን ለኋላ ይተወው።

ውርወራ መማር የሚፈልግ ካለ በአሠልጣኝ ፊት፣ የሚደግፍ ሦስተኛ ሰው ቆሞ፣ ከተስማማ ጓደኛ ጋር ብቻ ይለማመድ። ሰው በሚጨፍርበት ወለል ላይ ግን ፈጽሞ አይሞከርም፤ ጽሑፋችሁ ይህን ማስጠንቀቂያ በቀጣዩ እትም ቢጨምርልን።

ከስዊንግ ዳንስ አሠልጣኝ